ሰሊጡ በስንት ገባ? ልጁስ ስንት ይዞ ተመለሰ?

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ የለም። የብቸናና የሞጣ የጤፍ ዋጋ ነገ ማታ በተለመደው ሰዓት ይለጠፋል። ዛሬ ስለ ሌላ ዋጋ ላወራ ነው። ረዘም ስለሚል ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተከታታዮቻችን አንዱ፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ላኪ ነው፣ ከውጭ ገዢው የመጣለትን መጠይቅ ላከልኝ። ስለ አፍላቶክሲን ይጠይቃል፣ ስለ ሳልሞኔላ ይጠይቃል፣ ስለ ፀረ ተባይ ቅሪት ይጠይቃል፤ እዚህ ድረስ የለመድነው ነው። ወረድ ብሎ ግን "በድርጅታችሁና በአቅርቦት ሰንሰለታችሁ ውስጥ ዘመናዊ ባርነት እንዳይኖር ምን እርምጃ ትወስዳላችሁ?" የሚል አለ። ሰውየው ከሥሩ በድምፅ መልእክት፣ "ይሄን 'የለም' ብዬ ልላከው አይደል? እኛ ጋ ደግሞ ምን ባርነት አለ?" ይለኛል።

በግል ልመልስለት ነበር። ግን የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ይሆናል ብዬ እዚሁ አመጣሁት።

"ባርነት" ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው የእግር ብረትና የሰው ገበያ ነው። ያ ታሪክ የእኛም ታሪክ ስለሆነ አንሸሸውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነው የገባችው። በ1916 ዓ.ም. ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ጨርሶ ተከለከለ። የአሁኑ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 18 ላይ ባርነትን፣ በሰው መነገድንና የግዳጅ ሥራን ይከለክላል። ስለዚህ ወዳጃችን "የለም" ማለቱ አይገርምም። በወረቀት የለም።

መጠይቁ የሚጠይቀው ግን ስለ ባሪያ ባለቤትነት አይደለም። ጉዳዩ የግዳጅ ሥራ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው 29ኛው ስምምነት (ሀገራችንም በ2003 አጽድቃዋለች) የግዳጅ ሥራ ማለት አንድ ሰው ቅጣት ይደርስብሃል ተብሎ እየተፈራራ፣ በገዛ ፈቃዱ ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ነው። "ቅጣት" ሲል ዱላ ብቻ አይደለም። የሠራህበትን ገንዘብ ታጣለህ ማለትም ቅጣት ነው። ድርጅቱ በኋላ ላይ ለመለየት እንዲያመች አሥራ አንድ ምልክቶች አውጥቷል። ከእነሱ ውስጥ ማታለል፣ መታወቂያ መያዝ፣ ደመወዝ ማገት፣ በዕዳ ማሰር፣ ከሰው ርቆ መገለል፣ የመኖሪያና የሥራ ቦታ መክፋት፣ ከልክ ያለፈ የሥራ ሰዓት ይገኙበታል። እነዚህን እያሰባችሁ ወደ ሰሊጥ እንውረድ።

ሰሊጥ ምን ዓይነት ሰብል እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፤ ሲደርስ አፉን ይከፍታል፣ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው መሬት ነው። እንደ ስንዴ ኮምባይነር አስገብተህ የምትገላገለው አይደለም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት በሰው እጅ መታጨድ፣ መታሰር፣ ሂላ ሆኖ መቆም አለበት። መተማ፣ ቋራ፣ ምዕራብ አርማጭሆ፣ ሁመራ፤ ያ ሁሉ ሜዳ በአካባቢው ነዋሪ ብቻ አይታጨድም። እዚያው ቆላው ላይ ከርመው ሥራውን የለመዱ ሠራተኞች አሉ፤ እነሱም አይበቁም። ስለዚህ ሰው ከደጋ ይወርዳል።

ከእኛ በኩል መስመሩ የታወቀ ነው። ከብቸና ወይም ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር በአይከል ገንዳ ውሃ፣ ከዚያ በአይሱዙ ወይም በትራክተር ተሳቢ እርሻው። አንዳንዱ በሐምሌ ለአረም ይወርዳል፤ ብዙው ግን ለአጨዳ ነው። ለምን እንደሚወርዱ የእነማይና የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ ያውቃል። በክልላችን መሬት የተደለደለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ከአባቱ ማሳ ላይ ካልተቆረሰለት ወይም በእኩል ካልያዘ በስተቀር የሚያርሰው የለውም። ማዳበሪያ ውድ ነው። የሠርግ፣ የቆርቆሮ፣ የበሬ መግዣ ከየት ይምጣ? "መተማ አንድ ወር" የሚለው ስሌት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ መጥፎ አይደለም፤ ወርዶ በሬ ይዞ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ያልተመለሰለትንም አውቃለሁ። አምና ኅዳር መጨረሻ ብቸና መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ያገኘሁት ልጅ ሀገሩ ሞጣ ዙሪያ ነው። ፊቱ ገርጥቷል፤ ወባ ነበረበት። ደላላው የነገረው የቀን ሒሳብ ነበር፣ ምግብ ከአሠሪ፣ መኪና ከአሠሪ። እርሻው ሲደርስ ሒሳቡ በሄክታር ሆነ። የመኪናውም የደላላውም በስሙ ተጽፎ ጠበቀው። ወኪሉ መታወቂያውን "እንዳይጠፋብህ" ብሎ ሰብስቦ ያዘ። ዱቄቱ፣ ሽሮው፣ ሳሙናው ከካምፑ ሱቅ በዱቤ ነው፤ ዋጋውን ያወቀው በመጨረሻ ሒሳብ ሲተሳሰቡ ነው። አራት ቀን ታሞ ተኝቶ የበላውም ተቆጠረ። ልሂድ ሲል የተሰጠው መልስ፣ "ሂድ፤ ማን ያዘህ? የደላላውንና የመኪናውን ከፍለህ ሂድ። የሠራኸውን ሰሊጡ ሲሸጥ መጥተህ ትወስዳለህ" የሚል ነው። ከገንዳ ውሃ ራቅ ካለ እርሻ፣ ኪሱ ውስጥ አሥር ብር የሌለው ልጅ የት ይሄዳል? አጨዳው ካለቀ በኋላ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ጠበቀ። ሲጠብቅም በዱቤ ይበላል።

"ጋሼ፣ ማንም አልመታኝም እኮ" አለኝ። ይሄን ደጋግሞ ነው ያለኝ፤ አሠሪውን የሚከላከልለት ይመስል።

እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ማንም አልመታውም። በፈቃዱ ነው የወረደው። ግን ከሥራው መውጣት አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የሠራበት ገንዘብ በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ዕዳውም በየቀኑ ያድጋል። ከአሥራ አንዱ ምልክቶች ውስጥ ማታለል፣ መታወቂያ፣ ዕዳ፣ የታገተ ደመወዝ፣ መገለል፤ አምስቱ በአንድ ልጅ ላይ በአንድ ወቅት። አንድ ምልክት ብቻ ስለታየ የግዳጅ ሥራ ነው አይባልም፤ አምስት ሲደራረብ ግን መጠይቁ ላይ "የለም" ብሎ መጻፍ ውሸት ነው።

ሁሉም የሰሊጥ እርሻ እንዲህ ነው አልልም። በሳምንት የሚከፍል፣ ሠራተኛ ሲታመም በራሱ መኪና ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ባለሀብት አለ፤ ልጆቹ ስሙን ያውቁታል፣ በዓመቱ ራሳቸው ፈልገውት ይሄዳሉ። ደላላም አያስፈልገው። የዚያ ሰው ሰሊጥና የሌላው ሰሊጥ ግን አንድ መጋዘን ገብቶ አንድ ደረጃ ይሰጠዋል። ነጭ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ፣ ደረጃው ይሄ፣ ቆሻሻው ይሄን ያህል በመቶ። ማን እንዳጨደው፣ ተከፍሎት ይሁን ሳይከፈለው፣ የደረጃ ወረቀቱ አይናገርም።

የአሠሪውንም ወገን ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ ናችሁና። ባለሀብቱ በሐምሌ የባንክ ብድር ወስዶ ያርሳል፣ ያዘራል፣ ያሳርማል። በመስከረም እጁ ባዶ ነው። ገንዘብ የሚያገኘው ሰሊጡ ሲሸጥ ነው። "ቅድሚያ ብሰጠው ጠፍቶ ጎረቤት እርሻ ይገባል" ይላል፤ እውነት ነው፣ ይጠፋሉ። በአጨዳ ሰሞን ጎረቤት ትንሽ ብር ከጨመረ ሌሊቱን ካምፑ ባዶ ያድራል። ሰሊጡ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ደመወዙን መያዝ እንደ ዋስትና ይቆጠራል። ከአሠሪው ቦታ ሆናችሁ ካያችሁት ክፋት አይመስልም፤ የገንዘብ እጥረት ነው። እኔ የምጠይቀው፣ የዚያ የገንዘብ እጥረት ወለድ ለምን በሞጣ ልጅ ጀርባ ይከፈላል? ያለ ወለድ፣ ያለ ውል፣ ያለ ማስያዣ ለሁለት ወር ያበደረው እኮ እሱ ነው። ባንክ ቢሆን ወለድ ያስከፍል ነበር።

መጥፋቱን የሚያስቀረውም ሙሉ ደመወዝ ማገት አይደለም። በሳምንት መክፈልና እስከ መጨረሻ ለቆየ ደግሞ በውል የታወቀ ጭማሪ መስጠት ነው። ጭማሪውን ትቶ መሄድ የሠራተኛው ምርጫ ነው፤ ደመወዙን ትቶ መሄድ ግን ምርጫ አይደለም። በእኔ ዓይን በጥሩ እርሻና በግዳጅ ሥራ መካከል ያለው መስመር ይሄ ነው።

ሒሳቡን እናስላው፤ ይሄ የዋጋ ቻናል ነው አይደል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡበት። አንድ ሠራተኛ በወቅቱ 15,000 ብር ያገኛል እንበል። ደላላ 1,500፣ መኪና ደርሶ መልስ 1,800፣ የዱቤ ምግብ 5,500። የቀረው 6,200 ነው። ሦስት ሳምንት ሲጠብቅ በቀን 150 ብር ከበላ 3,150 ይሄዳል። ሀገሩ የሚገባው 3,050 ይዞ ነው፤ ካልታመመ። አሁን ደላላውንና መኪናውን አሠሪው ይክፈል እንበል፣ 3,300 ብር። ይህ ሰው አሥር ኩንታል የሚሆን ሰሊጥ አጭዶ ከሆነ በኩንታል 330 ብር ማለት ነው። ይሄን ቻናል የምትከታተሉ ሰዎች፣ የሰሊጥ ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ330 ብር በላይ ሲወጣና ሲወርድ ስንት ጊዜ አይታችኋል? በየሳምንቱ የምንጨቃጨቅበት መወዛወዝ ውስጥ የሚጠፋ ገንዘብ ነው። ለልጁ ግን እጁ ላይ ከቀረው ይበልጣል።

ደላላውን አሠሪው ይክፈል የሚለው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሠራተኛ ለመቀጠሩ ክፍያ እንዳይጠየቅ የሚለው የዓለም የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃዋለች። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሦስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይላል። በምሳሌው የተቆረጠው 8,800 ከ15,000 ነው፤ ከግማሽ በላይ። በሰው መነገድን የሚቀጣው አዋጅ 1178/2012ም አለ። ሰውን አታሎ ወይም ችግሩን ተጠቅሞ ለጉልበት ብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ በዚያ አዋጅ ከባድ ወንጀል ነው። የሀገር ውስጥ ምልመላንም ይጨምራል፣ የዓረብ ሀገሩን ብቻ አይደለም። ደላሎቻችን ይሄን የሰሙ አይመስለኝም።

"እኛ የብቸና ጤፍ ነጋዴዎች ምን አገባን?" የምትሉ አላችሁ። አገባችሁ። የሰሊጥ አጨዳ ጥቅምት ላይ ነው፤ የእኛ ጤፍ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። የጊዜው አቀማመጥ የተመቸ ነው፤ ልጁ መተማ አጭዶ፣ ገንዘብ ይዞ፣ ለአባቱ ጤፍ መድረስ ይችላል። ደመወዙ ሲታገት ግን ኅዳርን እዚያው ይጨርሳል። እዚህ የቀን ሠራተኛ ይጠፋል፣ የአጨዳ ክፍያ ይወጣል፣ ጉልበት የሌላት ባልቴት ጤፏ ማሳ ላይ ቆሞ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይመታዋል። ዝናብ የመታው ጤፍ መልኩ ይጠቁራል፤ ነጩ ወደ ሠርገኛ ዋጋ ሲወርድ "ዘንድሮ የእነማይ ጤፍ ጥራት ወረደ" ብለን የምንጽፈው እኔና መሰሎቼ ነን። ምክንያቱን ግን ከመተማ ካምፕ ጋር አናገናኘውም።

ሌላው በሽታው ነው። የመተማና የሁመራ ቆላ የካላዛር ሀገር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈሩ ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች፤ ሌሊት ሜዳ ላይ የተኛ ሰው ትነክሳለች። ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም፤ ያለ አጎበር ሜዳ ላይ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላዛር ተነስቶ ብዙ ሰው ሲጨርስ፣ ከቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር እንደመጣ ነው የተገመተው። ሳይታከም የቆየ ካላዛር ይገድላል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁ ቤቱ ከገባ ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ አሠሪው የለም፣ ደላላው የለም፣ የታመመው የአባቱ ወጪ ነው። የመኖሪያ ሁኔታ መክፋት ከአሥራ አንዱ ምልክቶች አንዱ የሆነው በዋዛ አይደለም። አንድ አጎበር ስንት ነው?

ስለ ልጆችም አንድ ነገር። በአዋጁ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሠራም፣ አደገኛ ሥራም አይሰጠውም። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ከሞጣ መናኸሪያ የሚሳፈሩትን ቆማችሁ እዩ፤ ዕድሜያቸውን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። እዚሁ ቀያችንም ለዓመት በጥቂት ኩንታል እህል የተቀጠረ እረኛ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ፣ በብዙ ቀበሌ አለ። እህሉን የሚቀበለው ደግሞ እሱ ሳይሆን ወላጁ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በሕፃናት ወይም በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ከሀገራችን የሽመና ውጤት፣ ጫት፣ ወርቅና የቀንድ ከብት ሰፍረዋል። ከብት የገባው በማን ምክንያት ይመስላችኋል? በእረኛው ነው። ሰሊጥ ወይም ጤፍ ነገ እዚያ ላይ ቢጻፍ ለማስፋቅ ዓመታት ይፈጃል።

አሁን ወደ ገዢው። የውጭ ሰዎች በድንገት ለእኛ ልጆች ተቆርቁረው አይደለም የሚጠይቁት፤ ሕግ መጥቶባቸው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የዓመት ሽያጩ ከ36 ሚሊዮን ፓውንድ ጀምሮ የሆነ ድርጅት ስለ አቅርቦት ሰንሰለቱ በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጣ ታስገድዳለች። አውስትራሊያ በ2018 ተከተለች። የጀርመን ሕግ ከጥር 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እነዚህ በአብዛኛው የወረቀት ሕጎች ናቸው። የእንግሊዙ ለምሳሌ "ምንም አላደረግንም" ብሎ መግለጫ ለሚያወጣም ቦታ አለው፤ ለዚህ ነው ብዙ መጠይቅ መጥቶ "የለም" ተብሎ ሲመለስ ማንም ያልጠየቀው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ግን ሌላ ነው። በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ፣ ከገባም እንዲወጣ ያዛል። የድርጅት መጠን አይለይም፣ ሀገር አይለይም፣ አጨዳን ጨምሮ የትኛውንም የምርት ደረጃ ይሸፍናል። ሥራ ላይ የሚውለው ታኅሣሥ 4 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። አስሉት፤ በ2020 ጥቅምት የሚታጨደው ሰሊጥ አውሮፓ ሲደርስ ሕጉ በር ላይ ይጠብቀዋል። "የእኛ ሰሊጥ እኮ የሚሄደው ቻይና፣ እስራኤልና ቱርክ ነው" የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ትክክል ነው። ግን ጣሂናና ሐላዋ ሆኖ ተመልሶ ጀርመን ሱቅ የሚገባውስ? የቱርኩ ፋብሪካ ሲጠየቅ ማንን ይጠይቃል? እናንተን ነው።

የደን ጭፍጨፋውን ሕግ የቡና ላኪዎች ታስታውሱታላችሁ። መጀመሪያ ሳቅን፣ ከዚያ ደነገጥን፣ ከዚያ ጊዜው ሲራዘም ተነፈስን። ይሄኛውም ሊራዘም ይችላል። የማሳ ካርታ ግን በሳተላይት ይነሳል፤ የልጁን ሒሳብ ሳተላይት አያነሳውም። ያንን ማወቅ የሚችለው ቀርቦ የሚጠይቅ ብቻ ነው።

ማን ይጠይቅ? ለላኪው የምለው ይሄ ነው፦ እርሻ ጉብኝታችሁን ከኅዳር ወደ ጥቅምት አምጡት። በኅዳር የምታዩት ጆንያና መጋዘን ነው፤ በጥቅምት ሰው ታያላችሁ። ወኪሉን ሳይሆን ሠራተኛውን፣ ወኪሉ በሌለበት፣ ሦስት ነገር ጠይቁት። መታወቂያህ የት ነው? መጨረሻ የተከፈለህ መቼ ነው? ዛሬ ብትሄድ ስንት ይሰጥሃል? ሦስተኛውን መመለስ ካልቻለ ችግር አለ። ከዚያ ውላችሁ ላይ አንድ መስመር አስገቡ፤ ለአጨዳ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ ከሰጣችሁ ገንዘቡ ለሳምንታዊ ደመወዝ መዋሉን የሚያሳይ የሠራተኞች ፊርማ እንዲቀርብላችሁ። ቅድሚያ ሳይሰጡ "በሳምንት ክፈል" ማለት ግን ለባለሀብቱ ስብከት ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የብቸናና የሞጣ ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት ሥራ ደግሞ ከመነሻው ነው። ማዳበሪያ ስታከፋፍሉ የአባወራውን ስም ትመዘግባላችሁ አይደል? የሚወርደውን ልጅ ስም መመዝገብ ምን ያህል ይከብዳል? ማን ወሰደው፣ ወደየትኛው እርሻ፣ በምን ሒሳብ። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፤ አንዱ በልጁ እጅ፣ አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት። ደላላው ፊርማውን ካላስቀመጠ አይጭንም። ማስፈጸሙ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ ሥራ ነው፤ መዝገቡ ግን ከሌለ እነሱም የሚይዙት የለም። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ራሱ ከእርሻዎች ጋር ተዋውሎ ሠራተኛ ቢልክ፣ ደላላው የሚወስደው ገንዘብ ለማኅበሩ ገቢ ይሆናል። ይሄንን አንድ ሁለት የማኅበር አመራሮች ጋ አንስቼ "ኃላፊነት ነው፣ ልጅ ቢሞትስ?" ተብዬአለሁ። ልጁ እኮ አሁንም ይሞታል፤ ልዩነቱ የት እንደሞተ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው።

ክፍያ በቴሌብር ይሁን የሚሉ አሉ። ጥሩ ነው፣ ኔትወርክ ባለበት። ብዙ ካምፕ ላይ የለም። ስልክ ያለውም ሲም ካርዱ በወኪሉ ስም የወጣ ይሆናል፤ ያኔ ከጥሬ ገንዘብ የባሰ ነው። በራሱ ስም ካልሆነ እጁ ላይ ይቆጠርለት።

"አሁን ጊዜው ነው ወይ? መንገዱን እያየኸው፣ ጸጥታውን እያየኸው" የሚለኝ አይጠፋም። አያለሁ። መንገድ ሲዘጋ ልጁ መውጫ ያጣል፤ ወኪሉ "ጠብቅ" ሲለው ከበፊቱ የበለጠ አማራጭ የለውም። በሰላም ጊዜ ጋሪ ይዞ፣ ለምኖ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ገንዘቡ እጁ ላይ መሆኑ በየትኛው ጊዜ ነው የሚያስፈልገው?

ለወዳጃችን ላኪ መልሴ ይኸው። "የለም" ብለህ አትሙላ። "የምንገዛው ሰሊጥ የሚታጨደው ከደጋ በሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ነው። በዚህ ሥራ የደላላ ክፍያ፣ የዱቤ ዕዳና የዘገየ ደመወዝ አደጋ መኖሩን እናውቃለን። ዘንድሮ ከእነዚህ እርሻዎች ላይ በጥቅምት ተገኝተን ሠራተኞችን እናነጋግራለን፣ ያገኘነውን እንጽፍላችኋለን" ብለህ ጻፍ። ከዚያ በእርግጥ ሂድ። ገዢው ይሸሻል ብለህ አትፍራ፤ መቶ "የለም" ያነበበ ገዢ እውነቱን የነገረውን አንድ ሰው ያስታውሳል። ቢያንስ ሦስቱን እርሻ በስም የምታውቅ ከሆነ ከሦስቱ ጀምር። የቀረው ከገበያ የገዛኸው ነው፤ ያንንም "ከገበያ የተገዛ፣ አጫጁን የማናውቀው" ብለህ ጻፈው።

እኔም በበኩሌ ከሚመጣው መስከረም ጀምሮ በሳምንታዊው ሰንጠረዥ ላይ አዲስ ዓምድ እጨምራለሁ፦ የመተማና የቋራ የአጨዳ ክፍያ፣ የብቸናና የሞጣ የቀን ሥራ ክፍያ፣ ደላላው የሚቀበለው፣ የመኪናው ሒሳብ። ልጁ ሳይሳፈር ያንብበው። ቁጥር የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የላኪው ስም አይወጣም። ወርደው የተመለሱ ልጆች ያሏችሁም ጠይቃችሁ ላኩ፤ ቃል የተገባላቸውንና እጃቸው የገባውን ለየብቻ።

የጤፉ ዋጋ ነገ ማታ።